ላይ አገር ሲዘንብ

 

እዚህ ጂዛን ያለን ሴቶች ስለ ተራራ ስናወራ ለሁለት እንከፈላለን። በአውሮፕላን የመጣነው ተራራውን የምናውቀው ከመኪና መስኮት ነው። «አገሬን መሰለኝ» እንልና ፎቶ እናነሳለን። በእግር የመጡት ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰዓዳን፣ ድንበሩን፣ ሸለቆውን ያየ ሰው ተራራ አይናፍቀውም። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ከወሎ፣ ከሀብሩ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ በኮንትራት መጣሁ። አሁን ሰብያ ከተማ አንድ ቤት ውስጥ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ባለፈው ሚያዝያ ስለሄድንበት ዋዲ ለጀብ ስለሚባለው ሸለቆ ነው። ግማሹ ወሬ የእኔ ነው፣ ግማሹ የጓደኛዬ። እሷ በማዳሜ እህት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሁለቱ ቤቶች አጥር ለአጥር ናቸው። መጀመሪያ በእግር መጣች፣ ተይዛ ተመለሰች፣ ከዚያ በኮንትራት እንደገና መጣች። ስሟን አልጽፍም። «ስሜን ተይው፣ ነገሩን ግን ጻፊው» ብላኛለች።

ዋዲ ማለት ሸለቆ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወንዝ ይሆናል፣ ሲያባራ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ይቀራል። እኛ አገርም ስንት እንደዚህ ያለ ወንዝ አለ፤ በጋ ላይ ከብት የሚተኛበት፣ ክረምት ላይ ሰው የሚያስቀር። ዋዲ ለጀብ ግን ከዚህ ይለያል። ያለው በጂዛን ክልል ሬይስ በሚባለው አውራጃ፣ ቀሀር በሚባለው ተራራ ውስጥ ነው። ተራራውን አንድ ሰው በጎራዴ የሰነጠቀው ይመስላል። በስንጥቁ ውስጥ ነው የሚኬደው። ግራና ቀኙ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ወደ ላይ የቆመ ድንጋይ ነው። ቀና ስትይ ሰማዩ እንደ መቀነት ጠብቦ ይታይሻል። ውጭው እሳት ሆኖ እዚያ ውስጥ ጥላና ቀዝቃዛ አየር ነው። ከድንጋዩ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ዘንባባ በቅሏል፣ በየስንጥቁ አረንጓዴ ነገር ተንጠልጥሏል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከላይ እየዘለለ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላ እየሳሳ ይሄድና ጠብታ ብቻ ይቀራል።

ጉዞው ከባድ ነው አልላችሁም፣ ቀላልም አይደለም። እንደ ገበያ መንገድ አስቡት፤ ጀርባሽ ላይ ሸክም አለ፣ ከእግርሽ ሥር ድንጋይ አለ። ትንሽ በውሃ ውስጥ ትሄጃለሽ፣ ትንሽ በድንጋይ ላይ። ወደ ውስጥ ርቆ የሚገባው በገመድ የሚወጣ ድንጋይና የሚዋኝ ኩሬ ስላለበት ልጅና ሽማግሌ የያዘ ቤተሰብ አይደርስበትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። አንዳንድ የተራራ መንገድ ዞሮ ዞሮ ከተነሳሽበት ያደርስሻል። ይሄኛው ዙሪያ መንገድ የለውም። የገባሽበት በር ነው የምትወጪበት።

ከሰብያ የተነሳነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቅዳሜ ቀን ነው። ሁለት መኪና ሞልተን፣ በቤይሽ በኩል፣ ሁለት ሰዓት ግድም ተጓዝን። ከብሳ የሚሠራበት ድስት፣ የጋዝ ምድጃ፣ ምንጣፍ፣ ሁለት ፔርሙስ ገህዋ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሁሉም እኛ እግር ሥር ነው። እረፍት የሚባለው ለእነሱ ነው እንጂ ለእኛ ኩሽናው ቦታ ቀየረ ማለት ነው። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከእኛ ጋር የማዳም እናት ነበሩ። ሀጃ ነው የምንላቸው። እሳቸው ከተማ የገቡት ካገቡ በኋላ ነው፤ የተወለዱት እዚያው ሬይስ ተራራ ላይ፣ ቡና ከሚበቅልበት እርከን አጠገብ ነው። የዚህ አገር ተራራ ላይ ቡና መብቀሉን የማታውቁ ካላችሁ፣ ኸውላኒ ይሉታል። አበቃቀሉን እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። እርከኑ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ነው፤ ልክ የእኛ ገበሬ እንደሚክበው። ሀጃ እሱን ባዩ ቁጥር «ይሄን አባቴ ነው የካበው» ይላሉ። ሁሉንም አባታቸው ካቡት ማለት ነው።

ሀጃ ያለ ፉል ከቤት አይወጡም። የቁርሱን ፉል አይደለም የምላችሁ! ጂዛን ፉል የሚሉት ነጭ አበባ አለ፣ ሽታው ቤት የሚሞላ። በክር ተሰክቶ ይሸጣል፣ ሴቶቹ በራሳቸውና በአንገታቸው ያደርጉታል። ሠርግ ያለሱ አይሆንም። በተራራው ደግሞ ወንዶቹም ጭምር የአበባ አክሊል ያደርጋሉ፤ ሪሃን የሚሉትን የበሶብላ ዘመድ ከአበባ ጋር ጎንጉነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን «ወንድ ልጅ አበባ አድርጎ!» ብዬ ስቄአለሁ፤ አሁን ግን ሳያደርጉ ሳያቸው ነው የሚገርመኝ።

መንገድ ላይ ጓደኛዬ መስኮቱን ሳይሆን እግሯን ነበር የምታየው። እኔ ግን ዓይኔ አልጠገበም። ሚያዝያ የበልግ ዝናብ በተራራው ላይ ጥሎ ነበር። ግራር አየሁ፣ ቁርቁራ አየሁ፣ ሬት አየሁ፤ ከፍ ያለው ላይ ወይራና ጥድ አለ። ዝንጀሮዎቹ ራሳቸው የእኛ አገር ዝንጀሮዎች ናቸው፤ ወንዱ እንደ ካባ የሚለብሰው ሽበት ጠጉር ያለው። ዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህራችን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም ቀይ ባሕር ሳይከፈት ይሄኛው ማዶና የእኛ ማዶ አንድ መሬት ነበር ሲሉን ለፈተና ብቻ ነበር የያዝነው። እዚያ ቆሜ ግን አመንኩ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ ይሄ አገር የማላውቀው ሆኖ ሳለ የሚናፍቀኝ ለካ ግማሹን ስለማውቀው ነው።

የሚገርም ተክል ደግሞ አለ። ግንዱ እንደ እንስራ አብጦ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ቅጠል ሳይኖረው ሮዝ አበባ ያብባል። በእኛም ቆላ ይበቅላል። ውበቱ እንዳያታልላችሁ፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት መርዝ ነው። ልጆቹን ቀርቦ ማየት እንጂ መንካት የለም አልናቸው። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ስማቸውን የማላውቃቸው ቢጫና ወይን ጠጅ ጥቃቅን አበቦች ነበሩ፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚታዩ።

ከሸለቆው በር ስንደርስ ጓደኛዬ ከመኪና አልወርድም አለች።

«እዚህ እጠብቃለሁ፣ ዕቃ እጠብቃለሁ» አለች ለማዳሟ። እኔ የደከማት መስሎኝ አልነበረም። ነገሩን ቀደም ብላ አጥር ላይ ቆመን ነግራኝ ነበር። እሷ እንዳለችው ልጻፈው፦

«ሌሊት ሌሊት ነው የሚያስኬዱን። ቀን ሸለቆ ውስጥ ያስተኙናል። ከላይ ከሆናችሁ ትታያላችሁ ይላሉ ደላሎቹ። አንድ ማታ ሩቅ ቦታ መብረቅ ይበርቅ ነበር፣ እኛ ጋ ጠብታ የለም፣ ኮከብ ሁሉ ይታያል። አሸዋው ለስላሳ ነው ብለን ደስ ብሎን ተኛን። ከእኔ ጋር ከአንድ ቀበሌ የመጣች ልጅ ነበረች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ነጠላዬን ለሁለት ለብሰን ነበር። ድምፁን ስሰማው ትልቅ መኪና መስሎኝ ነበር። ተነስቼ ድንጋይ ያዝኩ። ውሃው ነጠላውን ይዞ ሄደ። እሷም ጫፉን ይዛ ነበር።»

ከዚያ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ «ለእናቷ ተለያየን ነው ያልኳቸው። መንገድ ላይ ተለያየን። ውሸት አይደለም እኮ» አለች።

ስለዚያ ድንበር ሁላችንም የምንሰማው ነገር አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ስደተኞች በድንበር ጠባቂዎች ተገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። በጥይት የሞተ ሰው ወሬው ይደርሳል። በውሃ ጥም፣ በገደል፣ በደራሽ ውሃ የሄደውን ግን ማን ይቆጥረዋል? እናቱ ብቻ ናት የምትቆጥረው፤ እሷም ሞተ ብላ ሳይሆን አልደወለም ብላ።

እንግዲህ ጓደኛዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ሀጃ በሯ ላይ መጥተው ቆሙ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያለ ሰው እጅ ድንጋይ ላይ አይሄዱም። «ያ ቢንቲ፣ እጅሽን ስጪኝ» አሏት። ሌላ ምንም አላሉም። አሮጊት እጅሽን ስጪኝ ስትል እንዴት እምቢ ይባላል? በእኛ አገር አስተዳደግ አይሆንም። ወረደች። ሀጃን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ፔርሙሱን በግራ እጇ ይዛ ገባች። እኔ ሸበጤን በስፖርት ጫማ ቀይሬ ነበር። «አንቺስ ጫማ አትቀይሪም?» ስላት «እኔ በኮንጎ ጫማ የመንን ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ተይኝ» አለችና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አርባ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ፏፏቴው ከፊት ለፊታችን ነው፤ ቀጭን ነው፣ እንደ ፈትል፣ ድንጋዩን እየነካ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ኩሬ ከመጥራቱ የተነሳ ጠጠሩ ይቆጠራል። ልጆቹ ገቡ። እኔም ትንሹን ልጅ ይዤ ገባሁ። እህቶቼ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ የምነካው ሳህን ለማጠብ፣ ወለል ለመወልወል፣ ልብስ ለማለቅለቅ ነበር። ለራሴ ብዬ እግሬን ወንዝ ውስጥ ያስገባሁት ያን ቀን ነው። ቅዝቃዜው እስከ ጆሮዬ ወጣ። ልጅ ሆኜ በእንስራ ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ ትዝ አለኝ፤ እናቴ «ቶሎ ነይ» ስትል፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ስቆይ።

ጓደኛዬ ግን ውሃ ውስጥ አልገባችም። ምን አደረገች መሰላችሁ? ሦስት ድንጋይ አነሳች። አንዱን ውሃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ ሁለተኛውን ከእሱ አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሌላ ስንዝር ከፍ አድርጋ። ከዚያ ሩዝ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ገህዋ ስታቀብል ዓይኗ ከድንጋዮቹ ላይ አይነሳም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከላያችን ያለው ሰማይ ሰማያዊ ነበር። አንድም ደመና የለም። ሩዙ ሊደርስ ነው። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። «እይ» አለችኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ የለም። ሁለተኛው ረጥቧል። ኩሬው ቅድም ጠጠር የሚቆጠርበት አሁን እንደ ቀጭን ሻይ ሆኗል፣ ደረቅ ቅጠልና እንጨት እየተሽከረከረ ይመጣል። ነፋሱም ከሸለቆው ውስጥ ወደ እኛ ቀዝቅዞ ይነፍስ ጀመር።

ሄዳ ለማዳሟ በዓረብኛ ነገረቻት። «ውሃው ተለውጧል፣ እንውጣ።» ማዳሟ ወደ ባሏ ዞረች። ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ሰማዩ ጥሩ ነው፣ በልተን እንሄዳለን» አለ። ክፋት የለውም፣ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ነው። ጓደኛዬ አልተመለሰችም። ቆመች። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ እሰማዋለሁ። «ባባ፣ ዝናቡ እዚህ አይደለም የሚዘንበው። ላይ ነው» አለች።

ሀጃ ያን ጊዜ ነው ጣልቃ የገቡት። «ከየት አወቅሽ?» አሏት።

«በእግሬ» አለች።

ሀጃ አዩዋት። ከዚያ ውሃውን አዩት። ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሱ። ሀጃ ከተነሱ ደግሞ የሚቀመጥ የለም። ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ድስቱን ከነሩዙ በፎጣ ይዘን ተነሳን። ጓደኛዬ ወደ ውስጥ ዞራ ኩሬውን አልፈው ለሄዱት ልጆች በሙሉ ድምጿ ጮኸች። ድምጿ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግድግዳው ተቀብሎ አስተጋባው።

ስንገባ ቁርጭምጭሚት የነበረው ውሃ ስንወጣ ባት ደረሰ፣ መጨረሻ ላይ የምናቋርጠው ቦታ ጉልበት አለፈ። ሰውየው አማቱን በጀርባው አዘለ። እኔ ትንሹን ልጅ በአንገቴ ላይ አደረግሁ። የልጁን እግር አጥብቄ ይዤ፣ ከፊት ለፊት የጓደኛዬን ተረከዝ ብቻ እያየሁ፣ እሷ በረገጠችበት እየረገጥኩ ወጣሁ። ከበሩ ወጥተን ከፍ ካለው ቦታ መኪናዎቹ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ እሷ እንዳለችው፣ እንደ ትልቅ መኪና። ከዚያ ቡናማው ውሃ የዘንባባ ግንድ ተሸክሞ ወጣ።

ባባ 998 ደወለ። ወደ ውስጥ የገቡት ልጆች ጩኸቱን ሰምተው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥተው ኖሮ ማታ ውሃው ሲጎድል ሁሉም በሰላም ወጡ። አልሃምዱሊላህ። ሩዙን መኪናው አጠገብ በላነው፤ ግማሹ ያልበሰለ ነበር፣ የሚያማርር ግን አልነበረም።

ሀጃ ከራሳቸው ላይ ፉሉን አውልቀው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ግማሹን ለጓደኛዬ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጡን። ማዳሟ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ጠይቃት የማታውቀውን ጠየቀቻት። «ወደዚህ አገር እንዴት ነው የመጣሽው?» ጓደኛዬ ትንሽ አሰበች። «በአውሮፕላን» አለች። ሁለተኛው አመጣጧ ነው፣ እውነት ነው። የመጀመሪያውን መቼና ለማን እንደምትናገር የምትመርጠው እሷ ናት።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ይሄን ነው። እኛን ሰዎች «ያልተማሩ» ይሉናል። ወረቀታችን ላይ የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» ነው። ወንዝ ዳር ያደገች ልጅ ግን ውሃ ታነባለች፣ ደመና ታነባለች፣ ድንጋዩ ይንሸራተት አይንሸራተት ሳትረግጠው ታውቃለች። ያን በመጥፎ መንገድ ጭምር የተማረችው አለች። ዕውቀቱ የተገኘበት መንገድ ክፉ መሆኑ ዕውቀቱን ክፉ አያደርገውም። ያን ቀን ከሁለት መኪና ሰው ውስጥ ሁሉንም ያወጣው የዚያ ሌሊት ትምህርት ነው።

ስለዚህ ጓደኛዬ ያስተማረችኝን ላካፍላችሁ። ከቤተሰብ ጋርም ሆነ በእረፍታችሁ ከጓደኛ ጋር፣ ዋዲ የምትገቡ ከሆነ፦

ከመግባታችሁ በፊት ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ውሃው የሚመጣበትን ተራራ አናት እዩ። እዚያ ጠቁሮ ከሆነ፣ ወይም የዝናብ ማስጠንቀቂያ ስልክ ላይ ከመጣ፣ አትግቡ። በዚህ ተራራ ላይ ዝናብ የሚወደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በጠዋት ገብቶ በጊዜ መውጣት ይሻላል። ስትቀመጡ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ከአጠገባችሁ በእጅ ይዞ መውጫ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ድንጋይ ምልክት አድርጉ። ውሃው ከጨመረ፣ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ካመጣ፣ ዕቃ አትሰብስቡ፣ ውጡ። መውጫው ከተዘጋባችሁ ወደ በሩ አትሩጡ፣ ወደ ላይ ውጡና ቁጭ በሉ። ጎርፍ ይጎድላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው፤ ሲጀምር ልጆች የሚጫወቱበት ነው። ሸበጥ አታድርጉ። የሲቪል መከላከያ ስልኩ 998 ነው።

እረፍት ስል ደግሞ «የት አገኘነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጠናል። የቀን ሥራም ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ቀጣሪ ፓስፖርታችንን መያዝ እንደማይችልም ይላል። ወረቀት ላይ ያለ ሁሉ ቤት ውስጥ አለ ማለት እንዳልሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ግን መኖሩን አውቆ መጠየቅና ሳያውቁ መለመን አንድ አይደለም። ጓደኛዬ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሀጃ ባሉበት «አርብ አርብ ከሰዓት ከእሷ ጋር በእግር መሄድ እፈልጋለሁ» ብላ ጠየቀች። ሙሉ ቀን አልተሰጠንም። ግን እስካሁን አራት አርብ ወጥተናል። የምንሄደው ሩቅ አይደለም፣ ፀሐይ ሲበርድ ከከተማው ዳር እስከ እርሻው ጫፍና መልስ ነው። የምንሸከመው የለም። የምንጠብቀው ልጅ የለም። ጎን ለጎን መሄድ ብቻ። በእግር መሄድ እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ረስታው ነበር።

በሁለተኛው አርብ ላይ ቆም አለችና ስልኳን አወጣች። የልጅቷ እናት ጋ ደወለች። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ግን ይሰማኛል። «እትዬ፣ ልጅዎ አትጠብቋት። ውሃ ነው የወሰዳት። አብሬያት ነበርኩ። ብቻዋን አልነበረችም» አለቻቸው። ማዶ ያለው ለቅሶ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ። ጓደኛዬ ስልኩን አልዘጋችም። መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። በሳምንቱ ሀብሩ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰደቃ ወጣ። አራት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይሮጡ የነበሩ እናት ናቸው። አሁን ያልቅሳሉ፣ ግን ተቀምጠው።

በእግር የመጣችሁ እህቶቼ፣ የአንድ ሰው የመጨረሻ ቀን እናንተ ጋ ብቻ ያለ ከሆነ፣ ሲቻላችሁና ስትበረቱ፣ ለባለቤቱ ንገሩት። ብቻችሁን አትደውሉ፣ አንዳችን አጠገባችሁ እንቁም። በአውሮፕላን የመጣን ደግሞ አዳማጭ እንሁን፣ መርማሪ አንሁን።

ክረምቱ ሲገባ የተራራው ዝናብ እንደገና ይጀምራል። ሀጃ «በመስከረም ውሃው ሲረጋ እንመለሳለን፣ አንቺ ነሽ ከፊት የምትሄጂው» ብለዋታል ለጓደኛዬ። እሷም «እናያለን» ብላለች። በእሷ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ሰላም ሁኑልኝ።